ተነሥተህ ብላ፦ ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2016 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስጠይቅህ «ደህና ነኝ እማ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማትሰጠኝ፣ ብቻህን ስትሆን ደጋግመህ የምታነበው ነገር ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁልህ። አክስትህ ከክፍልህ እንደማትወጣና ራትህም እንደ ተከደነ እንደሚያድር ነግራኛለች። ስለ ነገረችኝ አትቀየማት፤ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው።

የ12ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተናው ውጤት መስከረም መጨረሻ ላይ ከተነገረ ወዲህ በልብህ የሚመላለሰውን አውቃለሁ፤ ለእኅትህ «እኔ ለምንም የማልሆን ሰው ነኝ» ብለህ ጽፈህላታል። ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ከሆኑት የ2015 ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተሃል፤ ይህን ደግሜ በመንገር ሐዘንህን ላቃልለው አልሞክርም። ብርድ ልብስህን ተሸክመህ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተህ የተፈተንኸው አንተ ነህ፤ የወደቀው ብዙ ሰው ቢሆንም ሐዘኑ የራስህ ነው። እኔ ልጽፍልህ የፈለግሁት፣ እግዚአብሔር ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲያገኝ ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደሚያደርግለት ነው።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19ን አውጣና ቀስ ብለህ አንብብ። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ የወረደለት፣ ከረጅም ድርቅ በኋላም በጸሎቱ ዝናብ የዘነበለት ነቢይ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው እንደማለች ሲሰማ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያው ተወው፤ ብቻውንም የአንድ ቀን መንገድ ያህል በምድረ በዳ ሄዶ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ፤ ከአባቶቼ አልበልጥምና ነፍሴን ውሰድ ብሎም ለመነ። እንዲህ ያለው እምነት የሌለው ሰው እንዳልሆነ ልብ በል። አንተም በዚህ ሐዘን ምክንያት እምነቴ ጠፍቷል፣ እግዚአብሔርም ተቀይሞኛል ብለህ አትደምድም።

እግዚአብሔር ምን መለሰለት? አልገሠጸውም፤ በትናንትናው ተአምር እንኳ አልወቀሰውም። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ቀና ሲል በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩም ለምን ተኛህ አላለውም፤ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እኔ ይህን ቃል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ «ይበቃኛል» ላለው ሰው ገና የሚሄድበት መንገድ እንዳለው የተነገረው ከምግብ ጋር ነውና። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ ነው።

በኮሬብም ኤልያስ ብሶቱን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ተናገረ፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። ስለዚህ ስትጸልይ ቃል አታሳምር። ያዘንህበትን ያንኑ ነገር፣ ትናንት በነገርኸው ቃል፣ ዛሬም ደግመህ ንገረው። ብቻዬን ቀርቻለሁ ላለው ነቢይ ደግሞ ለጣዖቱ ለበኣል ያልተንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ከጎኑ የሚቆም ኤልሳዕም ተሰጠው። ሞትን የለመነው ይህ ሰው ሞትን ሳያይ በእሳት ሠረገላ ዐረገ። እግዚአብሔር ያን ልመናውን አለመስማቱ ምንኛ መልካም ሆነ!

ጴጥሮስንም አስብ። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ አንዳች ዓሣ ሳይዝ ሲነጋበት፣ ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ በላዩም ዓሣ አኑሮ፣ ከእንጀራ ጋር ቆየው። «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ምሳ ከበሉ በኋላ ነው፤ ስለ ክህደቱ ግን አንድ ቃል አላነሣበትም። ጴጥሮስ በካደባት ሌሊት ይሁዳም በድሎ ነበር፤ ተጸጽቶም ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን ሄዶ ጠፋ። ጴጥሮስ ምርር ብሎ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ሰነበተ። ልጄ፣ በጣም የሚያስፈራኝ ውጤትህ አይደለም፤ በር ዘግተህ መቀመጥህ ነው። አባቶቻችን ቀቢጸ ተስፋን፣ ተስፋ መቁረጥን ማለት ነው፣ አጥብቀው የሚፈሩት ሰውን ከሰውም ከፈጣሪውም ስለሚነጥል ነው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ደቀ መዛሙርቱን በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ ብሏቸዋል። እርሱ ወዳጆቹን አብራችሁኝ ሁኑ ካለ፣ አንተ አክስትህን አጠገቤ ተቀመጪ ብትላት ምን ነውር አለው?

ጾመ ነቢያት ገብቷልና ምግብ መተውህን ጾም ነው እንዳትለኝ። የሚጾም ሰው ሰዓቱ ሲደርስ አመስግኖ ይቀምሳል፤ በሐዘን ምግብ መተው ግን ራስን መቅጣት ነው። አክስትህ የምታቀርብልህን ሽሮ ከእርሷ ጋር ማዕድ ቀርበህ ብላ። ጠዋት ፊትህን ታጥበህ መዝሙር 42ን ድገም፤ መዝሙረኛው በዚያ ነፍሱን «ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» እያለ ራሱ ይጠይቃታል፣ በእግዚአብሔርም እንድትታመን ይነግራታል። ልብህ ባይከተልህም ከንፈርህ ይበለው። እሑድ ከአክስትህ ጋር ቅዳሴ ሂድ። የንስሐ አባታችንን አነጋግሬልሃለሁ፤ ስልክህን ይጠብቃሉ። ለእርሳቸው የልብህን ከነገርህ በኋላ ወደ ቅዱስ ቁርባን ቅረብ፤ ኤልያስን በምድረ በዳ፣ ጴጥሮስን በባሕር ዳር ያበላ አምላክ በዚያ ሥጋውንና ደሙን ይሰጥሃልና።

አንድ ነገር በግልጽ እጠይቅሃለሁ፤ አንተም በግልጽ መልስልኝ። ሞትን የምትመኝበት ሰዓት አለ? ካለ አትፈር፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ለአክስትህ ንገራት፣ ለእኔም ደውል። ሐኪም ዘንድም አብረን እንሄዳለን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ይላል፤ ስለዚህ ሕክምና መሄድ እምነት ማጣት አይደለም፣ ጸበሉንም ጸሎቱንም አያስቀርብህም።

ስለ ትምህርቱ አሁን ብዙ አልልም። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ቴክኒክና ሙያም አለ። አባትህም የመጣው ይምጣ ብሎ ከጎንህ እንደሚቆም አንተው ታውቀዋለህ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በልተህ፣ ተኝተህ፣ ትንሽ ከበረታህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ አውቶቡስ እመጣለሁ። በሶና ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቼልሃለሁ። ላምበረት መናኸሪያ ከአክስትህ ጋር ሆነህ ተቀበለኝ፤ ዕቃው ይከብደኛልና አንተ ትይዝልኛለህ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

የምትወድህ እናትህ