ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ አሳ አትግዙ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ አሳ እየጠበስኩ መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች ያሳደግኩት በዚሁ ሥራ ነው። የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የምጽፍላችሁ በእጄ የነካሁትን ነው።

አምና ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ የቆየ ደንበኛዬ የሆነ አጥማጅ ነጭ አሳ አመጣልኝ። አሥራ አራት ነበሩ። የመጀመሪያውን ሆዱን ስከፍተው እንቁላል ግጥም ብሎበታል። ቢጫ ነው፤ ፍሬው ከጤፍ ተለቅ ይላል፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ እንቁላል የያዙ ሆነው ተገኙ። ያወጣሁት አንድ ትልቅ ሳህን ሞላ። እንቁላሉን እኛ ጋ የሚበላው የለም፤ ሐይቁ ዳር ለሚጠብቁት ወፎች ነው የሚደፋው። ስንት ዓመት ስደፋው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

አባቴ የፎገራ ገበሬ ነበር። ክረምት ላይ ቤቱ ውስጥ እህል ሲያልቅ እናታችን ትበደር ነበር እንጂ የዘሩን ጎታ አትነካም። አፉ በጭቃ ተመርጎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኛ ልጆቹ ርቦን እያለቀስን እንኳ አይከፈትም። እኔ በዚያ ሳህን የደፋሁት ዘሩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙው የነጭ አሳ ዓይነት ከጣና ይወጣና ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭንና ግልገል ዓባይን ሽቅብ ይዋኛል። እንቁላሉን የሚጥለው ወንዝ ውስጥ፣ ጠጠር ላይ ነው። ይህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። አጥማጁም ጊዜውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት ቦታ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃል። አሳው ሌላ መንገድ የለውም። ወንዙ ውስጥ አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትንም አለ፤ ያኔ ትልቁም ጫጩቱም አብሮ ይንሳፈፋል።

ድሮ በደንገል ታንኳ ሲጠመድ የሚያዘው ጥቂት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ መጣ። ከዚያ በኋላ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባሉት ዓመታት ብቻ የነጭ አሳ ብዛት በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከነጭ አሳ ውስጥ 15 ያህሉ ዝርያ ደግሞ ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። እዚህ ካለቀ አለቀ ማለት ነው።

ግሎባል ፉትፕሪንት ኔትወርክ የሚባል ድርጅት በየዓመቱ አንድ ስሌት ያወጣል። በ2017 ዓ.ም. የሰው ልጅ ምድር በአንድ ዓመት የምትተካውን ሁሉ፣ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ጀምሮ ሲቆጠር፣ እስከ ሐምሌ 17 ድረስ ጨርሶታል ይላል። ልጄ ስታነብልኝ ቀኑ ነው የገረመኝ። ነጭ አሳው ወደ ጉማራ የሚነሳበት ሰሞን ነው።

አጥማጁን አልወቅስም። ነግሬው ነበር። «እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል፤ ልጆቼስ ምን ይብሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ለብቻው ይተው ማለት ግፍ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ግን በ1995 ወጥቷል፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወንዞቹ አፍ ላይ ለምን ሰው አታቆሙም ብዬ ብጠይቅ በጀት የለም ተባልኩ። ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ አላልኩም። ነሐሴንና መስከረምን የአራቱ ወንዞች አፍ ይጠበቅ፤ ለሁለቱ ወር ደግሞ አጥማጁ የሚደገፍበት መንገድ ይፈለግለት ነው ያልኩት።

እኛ ሻጮችስ? አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ። ገበያው ግን በፍልሰታ ይደራል፤ ልክ አሳው እንቁላል በተሸከመበት ጊዜ። ገዥ ባይኖር ያ ሁሉ መረብ ወንዝ አፍ ላይ አይዘረጋም ነበር። እኔም ገዥ ነበርኩ።

ዘንድሮ ከጎኔ ከሚጠብሱ ስድስት ሴቶች ጋር ተስማምተናል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ እንቁላል የያዘ ነጭ አሳ አንገዛም። ሁለቱ መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ ያለነጭ አሳ ገበያው ይቀዘቅዛል ብለው። እኔም ፈርቻለሁ። ግን ቆሮሶና አምባዛ እንጠብሳለን፤ ካነሰም ሽሮ እንጨምራለን።

ብዙውን የሚወስዱት ግን ሆቴሎች ናቸው። ወጥ ቤት ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ የደረሰ እንቁላል መያዙን ለማወቅ መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ሆዱን ከራሱ ወደ ጅራቱ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። እንቁላሉ ከወጣ ለአምጪው መልሱለትና ምክንያቱን ንገሩት።

አንዲት አሳ ጠባሽ፣ ከባሕር ዳር