የሠሩበትን ለተከለከሉ፦ የድጋፍ ጥሪ

የሰው ቤት ስታጸዳ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ከርማ ደመወዟን ስትጠይቅ «ነገ ነይ» የምትባል ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጠበቃ አይደለም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚጽፍላት ሰው ነው። ሥራ መቼ ጀመረች? በስንት ተስማማች? ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈላት የየትኛው ወር ነበር?

እኛ የምንሠራው ይህንን ነው። ደመወዝ የተከለከሉ የቤት ሠራተኞችንና የቀን ሠራተኞችን የምናግዝ በጎ ፈቃደኞች ነን። ታሪካቸውን በቅደም ተከተል እንጽፋለን፣ አቤቱታ እናዘጋጃለን፣ በቀጠሮ ቀን አብረናቸው እንሄዳለን። እርዳታው በነጻ ነው። ወረቀቱ፣ ስልኩና ትራንስፖርቱ ግን በገንዘብ ነው። ዛሬ ደጃችሁን ያንኳኳነውም ለዚሁ ነው።

«ሕግ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 ደመወዝ ቢያንስ በወር አንዴ ይከፈል ይላል። በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ፣ ፓስፖርትና መታወቂያም በሠራተኛዋ እጅ ይቆይ ይላል። ችግሩ ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ብቻ መሆኑ ነው። ባጸደቁትም ቢሆን የሥራ ተቆጣጣሪ ፋብሪካ እንደሚገባው የሰው ሳሎን ዘው ብሎ አይገባም።

ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን ያህል የቤት ሠራተኞች እንዳሉ ይገምታል። ከአሥሩ ስምንት ያህሉ የሚሠሩት መደበኛ ባልሆነ ቅጥር ነው። በእኛ ጠረጴዛ ቋንቋ ሲነገር፣ ውል የለም፣ የደመወዝ ደረሰኝ የለም፣ ፊርማ የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ማስረጃ ከሌላ ቦታ ይፈለጋል። «ዛሬ ትንሽ አምሺ» የሚል የስልክ መልእክት ማስረጃ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት ስትወስድ የፈረመችበት መዝገብ ማስረጃ ነው። በየጠዋቱ ደጃፍ ስትጠርግ የሚያያት የጎረቤት ዘበኛ ምስክር ነው። ይህን አንድ በአንድ መልቀም ትዕግሥት እንጂ ዲግሪ አይጠይቅም። ሕግ ነክ የሆነውን ክፍል ጊዜያቸውን በነጻ የሚሰጡ ጠበቆች ያዩታል። ፍጥነት ግን ያስፈልጋል። አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ በይርጋ የተገደበ ነው፣ ጊዜው ካለፈ አቤቱታው ላይሰማ ይችላል፤ «ነገ ነይ» የሚሉ አሠሪዎች አንዳንዶቹ ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ወደ እኛ ከሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ «ሕይወቴ ባዶ ሆነብኝ» ብለው ነው የሚመጡት። ነውር የለውም። ስለ ግፍ ቀን ከሌት በስልክ እያነበቡ መብገን ሰውን ያደክማል፤ ማንንም ደግሞ አይጠቅምም። ግን እውነቱን እንናገር፦ ስሜት ፍለጋ ብቻ የመጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ሥራው ባብዛኛው ወረፋ መጠበቅ፣ ኮፒ ማድረግና የማይነሳ ስልክ መደወል ነዋ! የሚቆየው የራሱ ፋይል የተሰጠው ነው። ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ ባለሙያ አሉን፤ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት በማስላት የሚወዳደራቸው የለም። «ሐሙስ ቀጠሮ አለብኝ» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል። የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ሁሉንም ጉዳይ አንረታም፤ የተረታንበትም አለ። ቢሆንም እሳቸው አልቀሩም።

ከምትሰጡን ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለትራንስፖርት ይውላል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባለጉዳይ የመሳፈሪያ አጥታ ከቀጠሮ ከቀረች መዝገቧ ሊዘጋ ይችላል። ቀጥሎ የአስተርጓሚ ክፍያ አለ፤ ከአገራቸው ርቀው የሚሠሩ ብዙዎች አቤቱታቸውን በሚሰማው ሹም ቋንቋ መናገር አይችሉም። የቀረው ለኅትመት፣ ለኮፒና ለስልክ ነው። ለእኛ አበል የሚባል ነገር የለም።

የባለጉዳዮችን ፎቶ ግን አትጠይቁን። እያለቀሱ የተነሱት ምስል ገንዘብ እንደሚያመጣ እናውቃለን። ደመወዟን የተነጠቀች ሴት መልኳንም ለእኛ ማስታወቂያ መክፈል የለባትም። በምትኩ ገቢና ወጪያችንን በየወሩ በዝርዝር እናሳያለን።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም ወደተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ከሂሳቡም የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው። ለግለሰብ በእጅ አትስጡ፣ የእኛ ሰው ነኝ ቢልም። ከቻላችሁ ደግሞ አንዴ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትሰጡን ይሻለናል፤ ጉዳዮቹ ቶሎ ዳር አይደርሱምና። ገንዘብ የሌለው ጊዜውን ይስጠን። በተለይ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አጥብቀን እንፈልጋለን።

እናንተ ራሳችሁ አሠሪ ከሆናችሁም ኑ። የሥራ ሰዓትና የክፍያ ቀን ተመዝግቦ ሁለቱም ወገን የሚፈርሙበት ባዶ ቅጽ አዘጋጅተናል። በነጻ ነው፤ ከዚህ ወር ጀምሩበት።