ክረምቱ ገብቷልና የጫጩቶቻችሁን ኩስ እዩልን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ዝናቡ ከጠና ወዲህ ስልካችን የሚጠራው በአንድ ጉዳይ ሆኗል፦ «ትናንት ማታ ደህና ነበሩ፤ ዛሬ ጠዋት ስከፍት አራቱ ሞተዋል። ቴትራሳይክሊን ሰጠኋቸው፤ ምንም ለውጥ የለም።» የአንድ ቀን ጫጩት ወስዳችሁ ራሳችሁ ለምታሳድጉ ሁሉ መልሳችንን በዚህ ደብዳቤ ልከናል።

በዚህ ወቅት፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጫጩት ላይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ኮክሲዲዮሲስን ነው። በተለምዶ የደም ተቅማጥ የሚባለው ነው። የሚያመጣው ኤይሜሪያ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ ሲሆን፣ የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እየተራባ ግድግዳውን ያፈርሰዋል። ባክቴሪያ ስላልሆነ ቴትራሳይክሊን አይገድለውም። በዚያ የሚያልፉት ሁለት ሦስት ቀናት ናቸው ብዙ ጫጩት የሚያስጨርሱት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛችን የሞቱ ጫጩቶች በፌስታል ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው 25 ቀን ነው። አንዱን ከፈትነው። ከአንጀቱ መጨረሻ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ዕውር አንጀቶች እንደ ቋሊማ አብጠው በጠቆረ ደም ተሞልተዋል። ቤታቸው ድረስ ሄደን ከመጠጫው ሥር ያለውን ሰጋቱራ ጨበጥ አድርገን ስንለቀው እንደ ሊጥ ተጣብቆ ቀረ። ሴትዮዋ ቤቱን በየቀኑ ይጠርጋሉ፤ ጥፋቱ የመጠጫው መንጠባጠብ ነበር። የተሕዋሲው ዘር ከኩስ ጋር ሲወጣ ወዲያው አያሳምምም። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበስላል፤ ጫጩቷም ለቅማ ትውጠዋለች።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መኖ ከመጨመራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ኩሱን እዩ። ጠቆር ያለ፣ ለስላሳና የሚሸት ኩስ አልፎ አልፎ ብታዩ አትደንግጡ፤ የጤና ነው። ብርቱካንማ ንፍጥ ወይም ደም ካያችሁ፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን አቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚከማቹ ካሉ በዚያው ቀን ሕክምና ጀምሩ። ደም አላየንም ብላችሁም አትዘናጉ፤ አንዳንዱ የኤይሜሪያ ዓይነት ደም ሳያሳይ ጫጩቱን ያቀጭጫል።

የምንመክረው መድኃኒት አምፕሮሊየም ነው። የታመመ ጫጩት መኖ ቢተውም ውኃ ስለማይተው በውኃ ይሰጣል። 20 በመቶ የሆነውን ዱቄት ከያዛችሁ ለ20 ሊትር ጀሪካን 24 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን። ከዚያ ወደ 6 ግራም ቀንሳችሁ አንድ ሳምንት ቀጥሉ። የያዛችሁት ሌላ መጠን ያለው ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ሌላ ውኃ አጠገባቸው አይኑር። የታመሙትን ብቻ ሳይሆን በቤቱ ያሉትን በሙሉ አጠጡ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ በነዚህ ቀናት ቫይታሚን አትጨምሩ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ተሕዋሲው ቫይታሚን ቢ1 እንዳያገኝ በመከልከል ነው። ለማበርታት ብላችሁ የምትቀላቅሉት ቫይታሚን የመድኃኒቱን ጉልበት ይሰብራል። ሕክምናው ሲያልቅ ግን ቫይታሚን ኤ እና ኬ ያለበትን ስጧቸው፤ ለተጎዳው አንጀትና ለፈሰሰው ደም ይጠቅማል።

ሁሉም ተቅማጥ ግን ኮክሲዲዮሲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነጭ ኩስ መቀመጫቸው ላይ ከደረቀ ፑሎረም የተባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ተቅማጥ ከማቃሰትና ከአንገት መጠምዘዝ ጋር ከመጣ ፈንግልን ጠርጥሩ። በተለይ የሚያሳስተው ጉምቦሮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ በዚያው ዕድሜ ይመጣል፣ ነጣ ያለ ውኃማ ተቅማጥ አለው፣ በድንገት ይገድላል። ለፈንግልም ሆነ ለጉምቦሮ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ክትባታቸውን እዚሁ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም (NVI) ያመርታል፤ ከእኛ በወሰዳችሁት የክትባት ካርድ ላይ ያሉትን ቀናት አታሳልፉ።

መጠጫውን በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጉት። ሰጋቱራውን በየቀኑ አገላብጡ፣ የረጠበውን አውጥታችሁ ደረቅ ተኩ። በረኪና ይህን ዘር አይገድለውም። ቤቱ ባዶ ሲሆን በፈላ ውኃ አጥባችሁ በደንብ ማድረቅ ይሻላል። የኮክሲዲዮሲስ መከላከያ የተቀላቀለበት መኖ የምትገዙ ደግሞ ፈረስና አህያ እንዳይደርስበት አስቀምጡት፤ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን ካለበት ይገድላቸዋል።

ሕክምናውን ከጀመራችሁ በሦስተኛው ቀን ሞቱ ካልቀነሰ በዚያው ቀን የሞተውን ጫጩት በሁለት ፌስታል ደርባችሁ ጠዋት አምጡልን። በነጻ ከፍተን እናያለን። የታመመ ሕያው ጫጩት ግን አታምጡ፤ እዚህ ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላቸው ብዙ ጫጩቶች አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጫጩት ማሳደጊያው ሠራተኞች፣ ቢሾፍቱ