ሴንትራሊያ ክፍለ ከተማ አይደለችም፤ ሰው አልባም አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ከመሬት በታች ስለሚነደው እሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት አንብቤዋለሁ። የጭነት መኪና አሽከርካሪ በመሆኔ ከፊላደልፊያ እየተነሳሁ በዚያ የከሰል አገር ተራሮች መካከል መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እሳቱ ከሥሯ የሚነድባትን ሴንትራሊያንም በዓይኔ አይቻታለሁ። ጽሑፉ ስለ እሳቱ የሰጠው ማብራሪያ ደህና ነው። ቦታዋን ግን «ነዋሪ የሌለው ክፍለ ከተማ» ብሎ መጥራቱ ሁለት ስሕተት ያለበት በመሆኑ፣ እንዲታረም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሴንትራሊያ በእንግሊዝኛ የምትጠራው «ቦሮ» ተብላ ነው፤ ቃሉ ለአብዛኞቻችን የሚያስታውሰን ግን ኒው ዮርክን ነው፤ ብሩክሊንና ኩዊንስ የአንድ ትልቅ ከተማ ክፍሎች ስለሆኑ እነሱን «ክፍለ ከተማ» ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በፔንስልቬንያ ግን ቦሮ የማንም ከተማ ክፍል አይደለም። የራሱ ወሰን፣ የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ከንቲባ ያለው፣ በሕግ ራሱን የቻለ ማዘጋጃ ቤት ነው። በግዛቱ ውስጥ ከ900 በላይ ቦሮዎች ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ ነዋሪዎቻቸው ከጥቂት ሺህ የማይበልጡ ትንንሽ ከተሞች ናቸው። ብሩክሊን በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሮባታል፤ በሴንትራሊያ የተቆጠሩት 5 ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ቦሮ ይባላሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን ከስሙ ሌላ ምንም የለም።

ሴንትራሊያ የተመሠረተችው በ1866 ነው። የቆዳ ስፋቷ አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዙሪያዋን ሙሉ በሙሉ የከበባት ደግሞ ኮኒንግሃም የተባለ ሌላ አስተዳደር ነው። በስተደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ አሽላንድ፣ በስተምዕራብ ሲሄዱ ማውንት ካርመል አለ፤ ሁለቱም በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ናቸው። ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወሰኗ እንዲህ ጠባብ በሆነ ቦታ አንድ ቤተሰብ ጓዙን ጭኖ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሻገር፣ በቆጠራው መዝገብ ላይ እንደጠፋ ሆኖ ይታያል፤ ሰውየው ግን እዚያው ተራራ ሥር፣ በዚያው ሥራና በዚያው ዘመድ መካከል ነው። ከሴንትራሊያ ከወጡት ብዙዎቹ የሰፈሩት በእነዚሁ አጎራባች ከተሞች ነው።

ጽሑፋችሁ እሳቱ ሕዝቡን እንዳባረረ አድርጎ ማቅረቡም ቁጥሮቹን ለሚመለከት ሰው በቂ አይደለም። ሴንትራሊያ ከፍተኛውን የሕዝብ ብዛት ያስመዘገበችው በ1890 ሲሆን ቁጥሩ 2,761 ነበር። አንትራሳይት የተባለው የአካባቢው ጠንካራ ከሰል ገበያው ሲዳከምና ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ እሳቱ በተነሳበት በ1962 የነዋሪው ቁጥር ቀድሞውኑ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። እሳቱ ከከሰሉ ጉድጓድ ከገባ ከ18 ዓመት በኋላ እንኳ፣ በ1980ው ቆጠራ 1,012 ሰዎች እዚያው ይኖሩ ነበር። በ1981 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከእግሩ ሥር በድንገት በተከፈተ ጉድጓድ ሲሰምጥ፣ የዛፍ ሥር ጨብጦ ቆይቶ በዘመዱ እጅ ከተረፈ ወዲህ የአገሩ ሁሉ ዓይን ወደዚያች ትንሽ ቦታ ዞረ። እሳቱን ቆፍሮ ለማጥፋት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስፈልግ ተገመተ፤ ኮንግረሱ በ1984 የፈቀደው ግን 42 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ እሱም እሳቱን ለማጥፋት ሳይሆን ሰውን ለማንሳት። በ1990 የቀሩት 63 ብቻ ሆኑ። ቁጥሩን በአንድ ጊዜ የጣለው እንግዲህ እሳቱ ራሱ ሳይሆን፣ ከእሳቱ የተነሳ የተወሰነው ውሳኔ ነው። ውሳኔው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ መርዛማ ጋዝ ምድር ቤታቸው ድረስ የሚገባባቸው ቤተሰቦች ነበሩ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መኪናዬን አሽላንድ አቁሜ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በቤት መኪና ነበር የወጣነው። ያየሁት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። መንገዶቹ አሉ፣ የእግረኛ መሄጃው ጠርዝ አለ፤ ቤት ግን የለም፣ ቤት በነበረበት ሁሉ ቁጥቋጦ በቅሏል። ከዓይኔ የማይጠፋው አንድ ቀጭን ቤት ነው። ቀድሞ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩ ቤቶች አንዱ ስለነበር፣ ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶቹ ሲፈርሱ ብቻውን እንዳይወድቅ ከሁለቱም ወገን በጡብ ምሰሶ ተደግፏል። ከፍ ብሎ በኮረብታው ላይ፣ በ1911 የተሠራው ሰማያዊ ጉልላት ያለው የዩክሬን ካቶሊኮች የእመቤታችን ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆሟል፤ አገልግሎቱም አልተቋረጠም፣ በነሐሴ ወር ከሩቅ ጭምር ምእመናን ለጉዞ ይመጡበታል። መካነ መቃብሮቹም ሣራቸው ታጭዶ፣ አበባ ተቀምጦባቸው አየኋቸው። የሙት ከተማ የሚለውን ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ልጠቀምበት አልቻልኩም።

«ነዋሪ የሌለው» የሚለው ቃል ይበልጥ ያሳዘነኝ እዚህ ላይ ነው። በ1992 የግዛቱ ገዥ ቦብ ኬሲ ለሕዝብ ጥቅም ንብረት የመውሰድ ሥልጣናቸውን ተጠቅመው የቀሩትን ቤቶች በሙሉ ወደ መንግሥት አዞሩ። በ2002 ፖስታ ቤቱ ዚፕ ኮድ የሚባለውን የፖስታ መለያ ቁጥሯን ሰረዘ። አልወጣም ያሉት ሰዎች ግን ለዓመታት በፍርድ ቤት ተሟግተው፣ በ2013 በስምምነት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በቤታቸው የመኖር መብት አገኙ። ከክርክራቸውም አንዱ ይኸው የቦሮነት ጉዳይ ነበር፤ ከእግራቸው በታች ያለው ከሰል ባለቤት ቦሮዋ ናት፣ ቦሮዋ ከፈረሰች ከሰሉ ለሌላ ያልፋል ብለው ይሰጉ ነበር። ሥጋታቸው ልክ ይሁን አይሁን፣ እንደ ማዘጋጃ ቤት መቆጠር ለእነሱ የቃላት ጨዋታ እንዳልነበረ ያሳያል። በ2010 በቆጠራው 10 ነበሩ፤ በ2020 አምስት። ቆጣሪው የጻፋቸውን ሰዎች እኛ በአንድ ቃል ልንሰርዛቸው አይገባም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ሴንትራሊያ «በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ካውንቲ የምትገኝ፣ በ2020 ቆጠራ 5 ነዋሪዎች የተመዘገቡባት ቦሮ» ተብላ እንድትታረም እለምናለሁ። ለቃሉ የአማርኛ ፍቺ ካስፈለገ «የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ትንሽ ከተማ» ማለት ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከፊላደልፊያ