የሮቦቲክስ ክበባችን ዓመት፦ ከመጽሐፍ ስቶር እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ

ዘንድሮ የሮቦቲክስ ክበባችን ሥራውን የጀመረው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይዛው በመጣችው ወሬ ነው። አሜሪካ የሚኖር አጎቷ በኢንተርኔት ዕቃ በሚሸጠው በአማዞን ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ሲደውል «እኔ አንድ ቦታ ቆሜ ነው የምውለው፤ መደርደሪያው ራሱ እየተነሣ ወደ እኔ ይመጣል» ብሏታል። ከክበቡ ልጆች ግማሾቹ አላመኗትም። የቀሩት ደግሞ «ቲቸር፣ እኛስ ለምን አንሠራም?» አሉኝ። የዓመቱ ሥራችን በዚያው ተወሰነ።

መጀመሪያ ታሪኩን አጠናን። ሚክ ማውንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ዌብቫን በሚባል ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ዌብቫን አስቤዛ በኢንተርኔት ሲታዘዝ ቤት ድረስ የሚያደርስ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ማውንትዝ ከኪሳራው ትምህርት ይዞ ወጣ። የታዘዘውን ዕቃ ከመጋዘን ለቅሞ ማሸግ በጣም ብዙ ወጪ ይበላል፤ ሠራተኛው አብዛኛውን ሰዓት የሚጨርሰው ከመደርደሪያ መደርደሪያ በመመላለስ ነው። ታዲያ መደርደሪያው ለምን ወደ ሰው አይመጣም? በ2003 መደርደሪያ ተሸክመው የሚሄዱ ሮቦቶች የሚሠራውን ኪቫ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ መሠረተ። ፒተር ወርማንና ራፋኤሎ ዳንድሪያ አብረውት ነበሩ። በ2012 አማዞን ኩባንያውን በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2025 ደግሞ አማዞን የሮቦቶቹ ቁጥር 1 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ።

ቁጥሩ ልጆቹን ብዙም አላስደነቃቸውም። ያስደነቃቸው አሠራሩ ነው። ሮቦቱ አጭርና ጠፍጣፋ ነው። መደርደሪያው ሥር ይገባል፤ ከዚያ አናቱ ላይ ባለው ትልቅ ብሎን ወደ ላይ ያነሣዋል። ብሎኑ ሲሽከረከር መደርደሪያው አብሮ እንዳይዞር ሮቦቱ ራሱ ከሥር ይዞራል። ይህን ለመረዳት አንድ የክበብ ጊዜ ሙሉ ፈጀብን። በመጨረሻ አንዱ ልጅ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ ክዳኑን በእጁ ይዞ ከሥሩ ዞረ። ያኔ ለሁሉም ገባቸው።

መንገዱን የሚያውቅበት ዘዴ ከዚህም የቀለለ ነው። የመጋዘኑ ወለል ላይ እኩል እኩል ርቀት ጠብቀው የተለጠፉ፣ ካሜራ የሚያነብባቸው ምልክቶች (ኮዶች) አሉ። ሮቦቱ ሆዱ ላይ ባለ ካሜራ ኮዱን ያነብባል፤ የት እንዳለ ያውቃል፤ ማዕከላዊው ኮምፒውተር ቀጥሎ የሚሄድበትን ይነግረዋል። ለልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ስደጋግምላቸው የነበረው ይህን ነው። ማሽኑ እንዲህ የሚቀናው ወለሉና መደርደሪያው አስቀድሞ ሥርዓት ስለያዘለት ነው።

ከዚያ የራሳችንን ሠራን። ኮምፔንሳቶ፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ አርዱዊኖ (ሞተሩንና ሴንሰሩን የምታዝዝ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ መስመር የሚለዩ ሴንሰሮችና ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ባትሪዎች። ኮድ መለጠፉ ስለከበደን ወለሉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍን። ሮቦቱ መስመሩን ይዞ እንዲሄድ ፕሮግራሙን የጻፉት የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከሰዓት ግን መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ይስታል። ልጆቹ ፕሮግራሙን ስንት ጊዜ ገለባበጡት። ችግሩን ያገኘችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ታርፋለች። ሴንሰሩ የሚሠራው በማይታይ ብርሃን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ያንኑ ዓይነት ብርሃን በብዛት ስላለው ሴንሰሩን ያምታታዋል። ልጅቷ ከካርቶን ቀሚስ የመሰለ መከለያ ቆርጣ ሴንሰሩ ዙሪያ ለጠፈችበት። ከዚያ በኋላ አልሳተም። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን እየተቀባበሉ ቤታቸው ቻርጅ ያደርጉ ስለነበሩት ልጆችና ስለ ወላጆቻቸው ትዕግሥት እዚህ ላይ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሮቦታችን ሁለት የፊዚክስ መጽሐፍ ይሸከማል። ሦስተኛው ሲጨመር ይቆማል። ነገር ግን ይህች ትንሽ ሮቦት ትልቅ ሥራ አሠራችን። ልጆቹ የመጽሐፍ ስቶራችንን እንደ እውነተኛ መጋዘን ለማየት ጠየቁ። የንብረት ክፍል ኃላፊያችንም በደስታ ከፈቱላቸው። እዚያ ውስጥ ጦፈው ተከራከሩ። አማዞን አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ቦታ አይከምርም፤ የመጣው ዕቃ ባዶ ቦታ በተገኘበት ይገባል፤ ኮምፒውተሩ የቱ የት እንዳለ ይመዘግባል። «እኛም እንደዚያ እናድርግ» አሉ ግማሾቹ። «መዝገቡ አንድ ቀን ካልተሞላ መጽሐፉ ጠፋ ማለት ነው» አሉ ሌሎቹ። የኋለኞቹ አሸነፉ። ትክክልም ነበሩ። መደርደሪያዎቹን በፊደልና በቁጥር ለዩ፤ ብዙ የሚጠየቀውን መጽሐፍ ወደ በሩ አቀረቡ፤ አንድ ደብተር መዝገብ አድርገው በሩ ላይ አሰሩ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጽሐፍ ሲታደል ድሮ እስከ ከሰዓት የሚዘልቀው ሰልፍ ከምሳ በፊት አለቀ። ከሮቦቱ ይልቅ የኮራሁት በዚህ ነው።

የካቲት ላይ ሞጆ ደረቅ ወደብን ጎበኘን። ለእኛ ለአዳማ ልጆች ሩቅ አይደለም፤ ብዙዎቹ የከባድ መኪናውን ሰልፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ግቢው ውስጥ ገብተው ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቧል። ከሥር ያለው ከተፈለገ ከላይ ያሉት ሁሉ መነሣት አለባቸው። ልጆቹ ወዲያው የመጽሐፍ ስቶሩን አስታወሱ። የኔዘርላንድስ የሮተርዳም ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ኮንቴይነር በሹፌር አልባ ተሽከርካሪ እያመላለሰ መሆኑን ስነግራቸው አንዷ «እኛ ገና ሳንወለድ?» አለች። አዎ፣ እነሱ ገና ሳይወለዱ።

ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ግን በመጋቢት የነበረን ፕሮግራም ነው። ከአባሎቻችን የአንዱ አባት ጫኝና አውራጅ ናቸው። ልጁ ይህን መናገር ያፍር ነበር። አባትየውን ጋበዝናቸው፤ መጡልን። ሮቦታችንን ጎንበስ ብለው እየዞሩ አዩት። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ኩንታል ሲያነሡ መጀመሪያ ምን ያያሉ?» አለቻቸው። «አፉን ነዋ» አሉ። «ስፌቱ ከላላ በዚያ በኩል አልይዘውም። ጥጉን ስጨብጠው ደግሞ ውስጡ እርጥበት ካለ እጄ ያውቀዋል።» ልጆቹ ጸጥ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

ይህ ለሮቦት ዛሬም ከባዱ ሥራ ነው። መደርደሪያ ተሸክሞ መሄድ ተችሏል። ቅርጹም ክብደቱም የተለያየ ዕቃ ሳያበላሹ ማንሣት ግን ገና ያታግላል። አማዞን የመዳሰስ ስሜት ያለውን ቩልካን የተባለ ሮቦቱን ያስተዋወቀው በ2025 ነው። እኚህ አባት በጣታቸው የሚያውቁትን ትልልቅ ኩባንያዎች ማሽን ላይ ለመግጠም አሁን እየለፉ ነው። ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባቱ ሥራ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አያደርግም።

አባትየው ሲወጡ «ይሄ ነገር እዚህ ሲደርስ እኛ ምን ልንሆን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም ማሽን ቢወስደው እሰየው። ነገር ግን ያን ሸክም ሲሸከም የኖረ ሰው ማሽኑን ለማሠራትና ለመጠገን የሚሠለጥንበት ቦታ አብሮ መዘጋጀት አለበት። ክበቡ በዚህ ላይ በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ጊዜ ክርክር አቅርቧል። አንዳንዶቻችሁ እንደምታስታውሱት ደወል እስኪደወል አላለቀም።

ስለ ትራንስፖርት ያጠናው ቡድን ሥራውን በአጭሩ ላንሣ። አንድ አባላችን ዱባይ ያለች አክስቱ ከሜትሮው የፊት ወንበር የቀረፀችውን ቪዲዮ አመጣ። ሹፌር የለም። የዱባይ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምርም ያለ ሹፌር ነው የጀመረው። ባቡር ሐዲዱን አይለቅም፤ እግረኛም አይገባበትም። መንገድ ላይ ያለ መኪና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2004 አሜሪካ ውስጥ በሞሃቪ በረሃ በተደረገው የሹፌር አልባ መኪኖች ውድድር አንድም መኪና መጨረሻው አልደረሰም። በጣም የራቀው የሄደው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀጣዩ ዓመት አምስት ጨረሱ፤ ስታንሊ የተባለችው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መኪና አንደኛ ወጣች። በ2020 ዌይሞ የተባለው የሹፌር አልባ መኪና ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ በፊኒክስ ከተማ አካባቢ ያለ ሹፌር ለሕዝብ አገልግሎት ጀመረ። ቡድኑ የአዳማን አንድ መስቀለኛ መንገድ ቆሞ መዝግቧል፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ እግረኛ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሞተር ሳይክል። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ መኪናው በጣም ብዙ መማር እንደሚኖርበት በሪፖርታቸው ጽፈዋል። እነሱ ለአገራችን ይቀርባል ያሉት ሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ደም ለሆስፒታሎች የምታደርስበትን ዚፕላይን የተባለ ኩባንያ ድሮን ነው። ጥቅሉ ከሰማይ በፓራሹት ይወርዳል፤ መንገድ መጠበቅ የለም። ሪፖርታቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ አንብቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ሮቦቷን ከፕላስተር ወደ ወለል ኮድ ማሸጋገርና አምስት መጽሐፍ እንድትሸከም ማድረግ እንፈልጋለን። የተበላሸ ፕሪንተር ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፤ ውስጡ ያለው ሞተር ለእኛ ወርቅ ነው። ምዝገባው መስከረም ላይ በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። ኮድ መጻፍ የማይችል፣ ሽቦ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ይምጣ። የስቶሩን መዝገብ የሚሞላ ሰውም ያስፈልገናል፤ ዘንድሮ ይህን ሥራ የያዙት ሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን ጨርሰው እየተሰናበቱን ነው።