እማ፣ አፍደም ላይ ማን ነበረች?

እማዬ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ አዲስ አበባ ብርዱ እንዳለ ነው፣ የድሬን ሙቀት ግማሹን በፌስታል ቋጥረሽ ብትልኪልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ይሄን በቴሌግራም የላኩት የእህቴ ልጅ ጮክ ብላ እንድታነብልሽ ነው፣ እንደ ዜና አንባቢ አትሩጪ በያት፣ መጨረሻ ላይ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

ለቁልቢ የመጣሁ ጊዜ የሆነው ነገር ከሆዴ አልወጣ አለኝ። ለቅሶ ቤት ያቺ የድሮ ጎረቤታችን አቅፋ ስትስምሽ ስሟ ጠፋብሽና "አንቺዬ፣ አንቺዬ" እያልሽ አለፍሽው፣ ቤት ስንገባ ነጠላሽን ሳታወልቂ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ "ጃጀሁ ልጄ፣ በቃ አለቀልኝ" አልሽኝ። እኔ ጅሉ ደሞ "ኧረ ምንም አልሆንሽም" ብዬ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። ፈርቼ ነው እማ፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

የኔን ጉድ ደሞ ልንገርሽ፣ ባለፈው ወር ኤቲኤም ላይ ቆሜ የገዛ ፒኔ፣ አራት ቁጥር ብቻ፣ ድርግም ብሎ ጠፋብኝና ሶስቴ ተሳስቼ ማሽኑ ካርዴን ዋጠው፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ህዝብ እያጉረመረመ ላብ በላብ ሆንኩ። ጃጀህ ያለኝ ግን የለም፣ "ስራ በዝቶበት ነው" ነው ያሉኝ።

ከዛ በኋላ ማታ ማታ ስለ ማስታወስ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁና ብቻዬን ሳቅኩ። ከ2,400 አመት በላይ ይሆነዋል፣ ሲሞኒደስ የሚባል የግሪክ ገጣሚ ነበር፣ ግብዣ ላይ ቆይቶ ለጉዳይ ወጣ እንዳለ የአዳራሹ ጣራ ተደርምሶ የነበሩትን ሁሉ ጨረሳቸው ይላሉ፣ ሬሳው የማን እንደሆነ መለየት ሲያቅት ሲሞኒደስ እዚህ ጋ የተቀመጠው እገሌ፣ እዛ ጋ እገሌ እያለ በየወንበራቸው አስታውሶ ለየላቸው። ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ በማስታወስ ውድድር ላይ የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ መጣ ነው የሚባለው፣ ማስታወስ የምትፈልጊውን ነገር በደንብ በምታውቂው መንገድ ላይ ቦታ ቦታ እየሰጠሽ ታስቀምጫለሽ፣ ከዛ በሃሳብሽ መንገዱን እየሄድሽ ትለቅሚዋለሽ፣ በቃ ይሄው ነው።

እና ይሄ ያንቺ ዘዴ አይደለም እንዴ?! የድሬ አዲስ አበባው የድሮ ባቡር ስራ ሳያቆም በፊት ሻርፕና ሽርጥ ይዘሽ ስትመላለሺ ሶስተኛ ማዕረግ ላይ ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽኝ ዱቤሽን ስትቆጥሪ ትዝ ይለኛል። ደብተር የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ሁርሶ፣ ባለ ፍየሏ ሁለት ሻርፕ። ኤረር፣ ባለ ብርቱካኗ ግማሹን ከፍላለች። አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ... እስከ ለገሃር ድረስ በየጣቢያው አንዲት ሴት አስቀምጠሽ የማንንም ዕዳ አትስቺም ነበር። አባዬ ምድር ባቡር ሲሰራ ኖሮ እንኳ "የኔ ሴትዮ ከቢሮው መዝገብ ትበልጣለች" ይል አልነበር?

ታዲያ ምን ነካሽ ብዬ ሳስብ፣ እማ እንዳትቀየሚኝ፣ እኛ ልጆችሽ ነን። ደከመች ብለን ሱቁን አዘጋን፣ የእቁብ ሰብሳቢነቱን ለሌላ አሰጠን፣ ቀፊራ ገበያ በሰው እናስገዛልሽ ጀመር፣ የሁላችንንም ቁጥር በቃልሽ ትደውዪ የነበርሽውን ሴትዮ ፎቶ ብቻ እየነካሽ ደውዪ አልንሽ። አሳረፍንሽ ብለን ጭንቅላትሽን ስራ አስፈታነው አቦ! እርጅና የለበትም አልልሽም፣ አለበት፣ ስም ቶሎ አለመምጣት በእድሜ የሚመጣ ነገር ነው። ግን ለንደን ያሉ የታክሲ ሹፌሮች ፈቃድ ለማግኘት የከተማውን በሺዎች የሚቆጠር መንገድ በቃላቸው ማጥናት አለባቸው፣ በፈረንጆቹ 2000 ላይ ጭንቅላታቸውን በማሽን ሲያዩት ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወስና መንገድ የመለየት ስራ የሚሰራው ቦታ፣ የኋላው በኩል፣ ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ ተገኘ፣ ብዙ አመት በነዳው ደሞ ይብስ ነበር። ስራ ሲኖረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ ቀፊራ ራስሽ ትሄጃለሽ፣ ልጅቷ ዘንቢሉን ትያዝልሽ እንጂ አታስታውስልሽ። የምትገዢውን ባቡሩ ላይ ጫኚው። ሁርሶ ላይ ፍየሏ ቲማቲሙን ስትጋጥ ይታይሽ፣ ኤረር ላይ ብርቱካኑ ዛፍ ላይ ሽንኩርት አፍርቶ ሴትየዋ እያለቀሰች ስትለቅም፣ አዋሽ ላይ ድልድዩ በበርበሬ ቀልቶ። አስቂኝና አጉል ሲሆን ነው አእምሮ ላይ የሚጣበቀው፣ ዝም ብሎ "ሽንኩርት፣ ቲማቲም" ካልሽው ይንሸራተታል።

ስም ላይ ደሞ መድሃኒቱ አንቺው ጋ ነው። ሰው ስትተዋወቂ "የማን ልጅ ነሽ? ሰፈርሽ የት ነው? ከዚራ ነሽ መጋላ?" እያልሽ ስታደርቂያቸው እኔ አፍር ነበር፣ ለካ ስሙን መንጠልጠያ እየሰጠሽው ነው! ባዶውን የገባ ስም ባዶውን ይወጣል፣ ከአባት ከሰፈር ጋር የታሰረ ስም ግን አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። አሁን ሰው ይሰለቸኛል ብለሽ ተውሽው መሰለኝ፣ አትተዪ። ስሙ ምላስሽ ጫፍ ላይ ቆሞ እምቢ ካለሽም ወዲያው ልጅቷን አትጠይቂ፣ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ እያልሽ ፊደሉን ሂጂበት፣ ብዙ ጊዜ መነሻ ፊደሉ ላይ ስትደርሺ ብቅ ይላል። ካልመጣም ተዪው፣ ቆይቶ ቡና ስትቆዪ ይመጣል።

የጎረቤታችን ልጅ መድረሳ ቁርአን ሲሀፍዝ ትሰሚው የለ? ኡስታዙ የትናንቱን በቃሉ ሳያሰማው አዲስ አይሰጠውም፣ የባለፈውን ሳምንት ደሞ መልሶ ይጠይቀዋል። የኛም የቆሎ ተማሪ ዳዊት የሚደግመው እንደዛው ነው። ሚስጥሩ ደጋግሞ ማየቱ ላይ ሳይሆን ሳያዩ ከውስጥ ማውጣቱ ላይ ነው፣ ያውም ቀን እያሳለፉ። አንቺም ማታ ከመተኛትሽ በፊት ቀኑን ከመጨረሻው ወደ ጠዋት እየተመለስሽ አስታውሺው፣ ማን መጣ፣ ምን በላን፣ ማን ምን አለ። ሃሜትም ቢሆን ችግር የለውም።

ኪኒኑን በተመለከተ አልዋጥኩም ብለሽ ደግመሽ የዋጥሽው ነገር አስደንግጦኛል፣ የደም ግፊት መድሃኒት ነው እኮ። ከቡናው ጋር እሰሪው፣ አቦል ከመቀዳቱ በፊት ኪኒን፣ ከዋጥሽ በኋላ ጮክ ብለሽ "ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ኪኒኔን ዋጥኩ" በይ፣ አፍ ያወጣውን ጆሮ ይይዘዋል። ለማንኛውም የቀን ስም ያለው የኪኒን ሳጥን በመጣሁ ጊዜ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እሱ ላይ በማስታወስሽ አንወራረድም። ቁልፉም ምስማር ላይ ይሰቀል፣ ሌላ ቦታ ሲታይ ከልጅቷ ጋር ትጣያለሽ።

ይሄ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ግን ድል ጮራ ሆስፒታል ሄደሽ ታዪልኝ። ሳስፈራራሽ አይደለም፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ሰውን ያስረሳል፣ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ይታከማሉም። ጆሮሽንም አሳዪ፣ ቲቪውን ጎረቤት እስኪሰማ ነው የምትከፍቺው፣ በደንብ ያልሰማሽውን ነገር ምኑን ታስታውሺዋለሽ? ለጉንፋን እያልሽ የምትውጪውን እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ለሀኪሙ ንገሪው፣ አንዳንዱ አእምሮ ያደበዝዛል። እና የምታውቂው መንገድ ከጠፋብሽ፣ ወይ ወጥ አሰራሩ ከተምታታብሽ፣ እንዳትደብቂኝ። ያ ከስም መርሳት የተለየ ነገር ነው።

ታናሼ ጭንቅላት ያሰለጥናል ብሎ ስልክሽ ላይ የጫነልሽን ጌም ከፈለግሽ ተጫወቺው፣ እኔ ግን ብዙ ተስፋ አላደርግበትም። እንደሱ አይነት አፕ የሚሸጥ አንድ የአሜሪካ ካምፓኒ በማስታወቂያው አጋነነ ተብሎ በፈረንጆቹ 2016 ላይ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ጌሙን ስትጫወቺ የምትጎብዢው ባብዛኛው ጌሙን ነው። ከሱ ይልቅ ፀሐይ ሳይከር በጠዋት ከዚራ ዛፎቹ ስር እስከ ድሮው ባቡር ጣቢያ በእግርሽ ሄደሽ ብትመለሺ ይሻልሻል፣ ስትመለሺም ያንን ጣፋጭ ሙሸበክ መግዛት የለም፣ አውቅሻለሁ።

አሁን ጥያቄዬ። ሁርሶና ኤረርን እኔም አስታውሳቸዋለሁ፣ አፍደም ላይ ግን ማን ነበረች? ወርቅ ጥርስ ያላት ነች ወይስ እሷ ሚኤሶ ነበረች? የመጨረሻውን ሻርፕ ሳትከፍል ባቡሩ ቆመ ብለሽ ትስቂ ነበር፣ ስንት ብር ነበር? እህቴን እንዳትጠይቂ። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ፣ ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ