የጤና ክበባችን ዘንድሮ፦ አውራ ጣቴ፣ የዶሮ ኩስና የልብስ ሰፊ ሜትር

የክበባት ዘገባ አምጡ ስባል እንደ ሁልጊዜው «ክበባችን በዓመቱ የተለያዩ ተግባራትን አከናውኗል» ብዬ ልጀምር ነበር፣ ልጆቹ ግን ቲቸር እሱን እኮ ማንም አያነበውም አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። መስከረም ላይ 40 ልጅ ተመዘገበ፣ ጥቅምት ላይ 17 ቀረ (ኳሱ ወሰደብኝ)። ረቡዕ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ክፍል እየተሰበሰቡ ያደከሙኝ እነዚህ 17ቱ ናቸው። የእጅ መታጠቡ፣ የወባው ሳምንት፣ የፅዳት ዘመቻው እንደ ወትሮው ተካሂዷል፣ እሱን ልለፈው።

ዋናው ጉዳይ የመጣው ከኔ እግር ነው። ህዳር ላይ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት አብጦ ቀልቶ ክፍል በነጠላ ጫማ ገባሁ፣ ማታ አንሶላ ሲነካው እንኳን ያስጮኸኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ዩሪክ አሲድ ተለካሁ 8.1 ወጣ፣ ሪህ ነው ቀይ ሥጋ ተው ተባልኩ፣ ኪኒን ተሰጠኝ፣ አለቀ። ወገቤን የለካ የለም፣ ግፊት የለም፣ ስኳርማ ማን ትዝ ብሎት። ይሄን ለክበቡ ሳወራ አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር እርስዎ እኮ ሥጋ የሚበሉት ደሞዝ ሲወጣ ብቻ ነው» አለችኝና ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን እውነት ከየት መጣ ታዲያ?

ከዶሮ ጀመርን። አንዱ ልጅ ከቤቱ የዶሮ ኩስ በፌስታል ቋጥሮ መጣ (ሽታውን ተዉት)፣ እዛ ላይ ያለው ነጩ ነገር ዩሪክ አሲድ ነው ስላቸው ማን ይመን። ፒዩሪን የሚባለው የዲኤንኤያችን አካል ሲፈርስ የሚቀረው እሱ ነው፣ ከምግብ ይገባል ግን የሚበዛው ከራሳችን ሴል የሚወጣው ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪኬዝ በሚባል ኢንዛይም ሰባብረው ይጥሉታል፣ እኛ ሰዎች ግን ጂኑ ድሮ ተበላሽቶብን ቀርቷል፣ ስለዚህ ወደ ሁለት ሦስተኛውን በኩላሊት ቀሪውን በአንጀት እናስወጣለን። ደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊተር ካለፈ ደግሞ እንደ መርፌ ሹል ክሪስታል እየሠራ መገጣጠሚያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ አውራ ጣቴን የወጋኝ እሱ ነው።

ከዛ ነው ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚለው የመጣው፣ አንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙ የጤና ችግሮች ስብስብ ማለት ነው፣ ከፍ ያለ ዩሪክ አሲድም ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር ይገኛል። አምስት ነገር ይታያል፣ ሰፊ ወገብ፣ ከ150 ጀምሮ የሆነ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ ስብ ነው)፣ ዝቅ ያለ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል ማለት ነው)፣ ከ130 በ85 ጀምሮ የሆነ ግፊት፣ ሳይበላ ተለክቶ 100 የደረሰ ስኳር፣ ሦስቱ ከተገኙብህ አለብህ ይባላል። እኛ መለካት የምንችለው ወገብ ብቻ ነበር። የአንዷ ተማሪ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሜትራቸውን አበደሩን፣ ታህሳስ ላይ መምህራን ማረፊያ ገባን። የታሪክ መምህራችን ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ትንፋሽ ይዘው ቆሙ፣ ልጅቷ ምንም ሳትል ሜትሩን እንደያዘች ዝም ብላ ጠበቀቻቸው፣ ሰው ስንት ደቂቃ ይችላል፣ ሲለቁት ከ91 ወደ 99 ዘለለ። በአንዱ መስፈርት ለወንድ ከ102 በላይ ነው የሚባለው፣ በሌላው ግን 94 ሲደርስ፣ እሳቸው የቱን እንደመረጡ መናገር አያስፈልግም። እኔ 104 ነኝ፣ በሁለቱም ማምለጫ የለኝም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጣፈጠው። ሆድ ሲሰፋ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን) እንደ በፊቱ አልሠራ ይላል፣ ሰውነት ደግሞ ለማካካስ አብዝቶ ያመርታል፣ የበዛው ኢንሱሊን ኩላሊት ዩሪክ አሲዱን ከማስወጣት ይልቅ መልሶ እንዲመጠው ያደርጋል። ስለዚህ የኔ 8.1 ከጥሬ ሥጋ ሳይሆን ከቀበቶዬ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ፍሩክቶስ የሚባል የስኳር ዓይነትም አለ፣ ጉበት እሱን ሲያቃጥል ጉልበቱን ቶሎ ይጨርስና ዩሪክ አሲድ ይተርፈዋል፣ ለስላሳ ውስጥ ካለው ስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። አንዱ ልጅ ማርስ ብሎ ጠየቀ፣ ማርም 40 በመቶ አካባቢ ፍሩክቶስ ነው ስል ቤተሰቦቹ ማር ነጋዴ የሆኑት ልጅ ተቆጣ፣ እኔም ማታ ማታ የምጠጣው ብርዝ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

የካቲት ላይ ልጆቹ ለሚኒ ሚዲያ «ዩሪክ አሲድ ግፊትና ስኳር ያመጣል!» ብለው ፅፈው አመጡ፣ እውነት ለመናገር እኔ ላሳልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. 2008 ላይ ግፊት ያለባቸው 30 ወጣቶች ዩሪክ አሲድ በሚቀንስ መድኃኒት ግፊታቸው ወርዶ እንደነበር ስላነበቡ በቃ ልባቸው ሞቋል። ያቺው የ11ኛ ክፍሏ ግን ክረምት ሲገባ ጭቃም ጉንፋንም አብረው ይመጣሉ፣ ጭቃው ነው ጉንፋን ያስያዘን? አለች። ተከራከርን፣ ሁለት ረቡዕ ፈጀብን። በጂናቸው ምክንያት ከልደት ጀምሮ ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ስኳር በሽታ ይበዛል ወይ ብለው ያዩ ጥናቶች አብዛኞቹ አይበዛም ነው የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. 2022 ደግሞ እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ ሪህ የሌለባቸው ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ላይ አሎፑሪኖል የሚባለው ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለልባቸው ምንም አልጨመረላቸውም። እንደኔ ሪህ ለያዘው መድኃኒቱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይሠራል። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ዩሪክ አሲዳቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል የሚለውን ሳነብላቸውማ ጅማ ላይ ሆነን እንዴት እልል አንልም፣ ያቺ ልጅ ግን «እሱም እኮ አብሮ መገኘት ነው ቲቸር» ብላ ዘጋችኝ።

ሰልፍ ላይ የተነበበው በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፣ «ዩሪክ አሲድህ ከፍ ካለ ወገብህን፣ ግፊትህን፣ ስኳርህንም ተለካ፣ አብረው ይገኛሉና»። ግማሹ ተማሪ አልሰማም፣ ድምፅ ማጉያው ይቆራረጣል።

ግንቦት ላይ ወገቤ 101 ገብቷል፣ ብርዙን ትቼዋለሁ። ክበቡ 340 ብር ተረፈው፣ ለቀጣይ ዓመት የግፊት መለኪያ ይገዛልን ብለን አመልክተናል። ሜትሩን መምህራን ማረፊያ ነው የተውነው፣ የወሰደ ሰው ይመልስ፣ ሴትዮዋ እየጠየቁኝ ነው።